የቡቺ መዋጮ

አዲስ አበባን በእግሩ የዞረ ሰው «ከኃይለኛ ውሻ ይጠንቀቁ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት በር ስንት እንደሆነ ያውቀዋል። «ከደግ ውሻ ጋር ይተዋወቁ» የሚል ግን እኛን እስካሁን አልገጠመንም። በከተማችን የውሻ ሥራ አንድ ነው፤ ሌባ ማስፈራራት። ለዚህ ሲባል ቀን ሙሉ በሰንሰለት ይታሰርና ማታ ይፈታል። ትራፊ ካለ ይበላል፣ ሲታመም ይጣላል። የተጣለው መንገድ ላይ ይወልዳል፤ እኛም «ሰፈሩ ውሻ በውሻ ሆነ!» ብለን እናማርራለን።

(«ውሻ መውደድ ፈረንጅነት ነው» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ጃንሆይም እኮ ሉሉ የሚሉት ትንሽዬ ውሻ ነበራቸው። እሳቸውን ፈረንጅ ያላችሁ ዕለት እኛንም በሉን።)

እኛ ስንል ሦስት ነን። አብረን ጋዜጠኝነት ተምረን፣ አብረን ተመርቀን፣ አሁን አንድ ሰርቪስ ቤት ተከራይተን የምንኖር ሴቶች። አራተኛችን ቡቺ ናት። ስሙን ያወጡላት የሰፈሩ ልጆች ናቸው፤ ይህች ከተማ ለውሻ ስም ስታወጣ ብዙ አትጨነቅም። ከበራችን ፊት ለፊት ካለው ድልድይ ሥር ነበር የምታድረው። አከራያችን እማማ ግቢ እንድትገባ የፈቀዱልን በሁለት ነገር ተስማምተን ነው፤ ቤት ውስጥ አትገባም፣ የእብድ ውሻ ክትባት ትወጋለች።

የግቢው ጥበቃ ጋሼ ግን ሌላ ሐሳብ ነበራቸው። «ካላሰራችኋት ኃይለኛ አትሆንም» አሉን። እኛ ደግሞ የፈለግነው እንዳትሆን ነው። ታስሮ የሚውል ውሻ መሸሻ ስለሌለው ሰው ሲቀርበው ያለው ምርጫ መንከስ ብቻ ነው። ስለዚህ ሥልጠናውን በዳቦ ጀመርን። «ቁጭ በይ» እንላለን፤ ቂጧ መሬት በነካበት ቅጽበት ቁራሽ ዳቦ አፏ ውስጥ ይገባል። በቅጽበት መሆን አለበት፤ ዘግይቶ የመጣ ዳቦ ለምን እንደተሰጣት አይገባትም። ዱላ የለም፣ ጩኸት የለም። በሦስተኛው ሳምንት ጋሼን በመስኮት ስናያቸው ግራ ቀኝ ገላምጠው «ቁጭ በይ!» ይሏታል። ዳቦ አልያዙም፤ እሷም አልተቀመጠችም።

ከዚያ ደም መታየት ጀመረ። ጋሼ «ስሪያ ፈልጋ ነው» አሉ። ደሙ ግን ወር አልፎትም አላቆመም። የእንስሳት ሐኪሙ አንዴ አይቶ ነገረን፤ ካንሰር ነው፣ በስሪያ የሚተላለፍ። ካንሰር ይተላለፋል እንዴ? ይሄኛው ይተላለፋል። የካንሰሩ ሴል ራሱ ነው ከውሻ ወደ ውሻ የሚሻገረው። ቤት ገብተን ስናነብ ጭራሽ ደነገጥን፤ ከ4,000 እስከ 8,500 ዓመት በፊት እስያ ውስጥ የኖረ አንድ ውሻ ሴል ነው እስከዛሬ እየተሻገረ ቡቺ ላይ የደረሰው። ውሻው ሞቶ ካንሰሩ ቀረ። ሰውን አይዝም።

ደግነቱ ይድናል። ቪንክሪስቲን የሚባል መድኃኒት በሳምንት አንዴ በደም ሥር ይሰጣል፤ አብዛኞቹ ከአራት እስከ ስድስት መርፌ ይበቃቸዋል። መርፌ በተወጋች ቁጥር ለጥቂት ቀናት ሽንቷንም ሆነ ዓይነ ምድሯን ያለ ጓንት እንዳንነካ ተነገረን። መድኃኒቱ የሕፃናትን የደም ካንሰር ለማከም የሚያገለግለው ያው ራሱ ነው።

የጀማሪ ጋዜጠኛን ደመወዝ አትጠይቁን። ለክፍል ጓደኞቻችን የቴሌግራም ግሩፕ ጻፍን፤ ለሠርግና ለለቅሶ ካልሆነ የማይነቃ ግሩፕ ነው። መጀመሪያ ሳቅ መጣ፣ ቀጥሎ በቴሌብር ሃምሳም መቶም መጣ። ማታ ላይ አንዱ ጓደኛችን ጻፈ። «ሰው ለኩላሊት እጥበት መንገድ ላይ እየለመነ፣ እናንተ ለውሻ ታዋጣላችሁ?»

ሌላ ሰው ቢሆን መልሱ በአፋችን ነበር። ይህ ልጅ ግን እናቱን በኩላሊት ያጣ ነው። ለእጥበታቸው ያዋጣነው እዚያው ግሩፕ ላይ ነው፤ ገንዘቡ አልበቃም። እና ምን ይባላል? «ሰው ይቀድማል፣ ልክ ነህ» አልነው። ከልባችን ነው ያልነው። ግን መዋጮውንም አላቆምንም። ማኪያቶ ስንጠጣ፣ ጥፍር ስንሠራ «ስንት በሽተኛ እያለ!» ያለን ሰው የለም፤ ጥያቄው የሚነሳው ለውሻ ሲሆን ብቻ ነው። ይህን ለሱ አልጻፍንለትም። ለእናንተ ነው የምንጽፈው።

ሁለት ወር ቆይቶ ደወለ። የእህቱን ልጅ ውሻ ነክሷት ነበር። የማን ውሻ? የማንም። ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ሙሉ 15 ደቂቃ እጠቡት፣ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰዷት አልነው። የሰፈሩ ሰው «ፓስተር! ፓስተር!» ይል ነበር አሉ፤ ክትባቱን እ.ኤ.አ. በ1885 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የሰጠው ሰው ስም አዲስ አበባ ውስጥ ለውሻ ንክሻ እንደ መልስ ሆኖ ቀርቷል። ልጅቷ ክትባቷን ጨርሳ ደህና ናት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ በበሽታው ከሚያዙ ሰዎች ደግሞ ከመቶ 99ኙን የሚያሲዛቸው ውሻ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው ቢከተቡ ግን በሽታው መተላለፉን ያቆማል።

ቡቺ አምስት መርፌ በቃት፤ ደሙም ቆመ። ቀጥሎ እንዳትወልድ አስመከንናት። የተረፈው መዋጮ ለመንደሩ ውሾች ክትባት ሆነ። እማማ አሥራ አንድ ቆጥረዋል። (መቁጠሩን ማንም አላዘዛቸውም።) ዘጠኙን አስከትበናል። የሚይዟቸው የሚያበሏቸው ሰዎች ናቸው፤ ሊስትሮዎቹ ሦስቱን፣ የሥጋ ቤቱ ልጅ አራቱን፣ ጋሼ ደግሞ ሁለቱን፣ በዚህ ጊዜ ዳቦ ይዘው። ጥቁሯ ወልዳ ስለነበር የሚቀርባት ጠፋ። ቢጫው ደግሞ ሐኪሙን ገና ከሩቅ ሲያይ አጥር ዘሎ ሄደ። የሥጋ ቤቱ ልጅ ለፊታችን ቅዳሜ ጥሩ አጥንት አስቀምጥላችኋለሁ ብሎናል።