ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛ ባልና ሚስት በግዳጅ ምክንያት በተለያየን ጊዜ አንድ ቃል ተገባብተን ነበር። ቅዳሜ ማታ በሦስት ሰዓት፣ አንዳችን በቤት አንዳችን በጦር ሰፈር ሆነን፣ አንድ ፊልም በአንድ ጊዜ ልንመለከት ነበር። በውጭ አገር የሚኖር ዘመዳችን ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም ትንሽ ሣጥን ልኮልን፣ ከሣጥኑ ሠሪ መደብርም ፊልሞች ገዝቶልን ነበር።

ቀኑ ደረሰ። በቤት ያለው ቴሌቪዥን ፊልሙን አሳየ፤ በሰፈር ያለው ስልክ ግን እምቢ አለ። የስልኩ ሠሪ ሌላ ነበርና፣ ፊልሙን የሸጠው ኩባንያ ለዚያ ዓይነት ስልክ መተግበሪያ አላዘጋጀም። ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ኔትወርኩም አለ፤ የጎደለው የሻጩ ፈቃድ ብቻ ነበር። ልጃችን ደውላ፣ «አባባ፣ ፈረሱ ተረፈ አይደል?» ብላ ስትጠይቅ መልስ አጣን። በመጨረሻ ፊልሙን ከእርሷ አንደበት ሰማነው።

ኋላ ነገሩን ስንመረምር፣ ገዛነው ያልነው ፊልም ንብረታችን ሳይሆን የማየት ፈቃድ ብቻ መሆኑን ተረዳን። ፊልሙ በምስጢር ቁልፍ የተቆለፈ ሲሆን ቁልፉን የሚሰጠው ሻጩ ነው፤ ሻጩ ያላወቀው መሣሪያ አይከፍተውም።

ጠባዩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የሶኒ ቤታማክስና በ1976 የተከተለው ቪኤችኤስ አንዱ የሌላውን ካሴት አያጫውትም ነበር። በእኛ ዘመንም አማዞን በ2015 አፕል ቲቪንና የጉግልን ክሮምካስት ከገበያው አስወጣ፤ ጉግል ደግሞ በ2017 መጨረሻ ዩቲዩብን ከአማዞን ፋየር ቲቪ ላይ አነሣ። ሁለቱ ታርቀው ዩቲዩብ የተመለሰው በ2019 ነበር። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ኔትፍሊክስ በአንዳንድ የቆዩ የሳምሰንግ ቴሌቪዥኖች ላይ መሥራቱን አቆመ። ካሴት ያለው ሰው ማጫወቻው እስካልተበላሸ ድረስ ያይ ነበር፤ ዛሬ ግን ደኅናው ቴሌቪዥን ከሩቅ በተላለፈ ውሳኔ ከአገልግሎቱ ይለያል።

ስለዚህ፣ ውድ የሠራዊቱ ባልደረቦችና ባለቤቶቻቸው፣ ከደመወዝ የተቆጠበውን ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገሮችን ጠይቁ። አገልግሎቱ በቤት ባለው ቴሌቪዥንም በሁለታችሁ ስልክም ይሠራልን? ሠሪው መሣሪያውን እስከ መቼ ያድሰዋል? መሣሪያ ብትለውጡ የገዛችሁት ይከተላችኋልን? መልሱ ካላረካችሁ፣ ፊልም በቋሚነት ከመግዛት በየወሩ ከፍሎ፣ ባልተስማማ ጊዜ ማቋረጥ ይሻላል። የችኩል ገበያ ጸጸቱ ለቤተሰብ ይተርፋልና።