በዋልካ ላይ የተሠራ ቤት

ከመተማ ዮሐንስ ተነሥቶ በገላባት በኩል ወደ ገዳሪፍ የሚዘልቀው መንገድ ግራና ቀኙ ጥቁር ሜዳ ነው። አገሩ የማሽላና የሰሊጥ አገር ሲሆን፣ በሱዳን በኩል ያለው ክፍል በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1930ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በትራክተር ሲታረስ ኖሯል። ገበሬው የሚያመሰግነውን ይህን ዋልካ አፈር ግን ቤት የሠራበት ሰው ያማርረዋል።

የዋልካ ቅንጣቶች እጅግ የደቀቁ ናቸው፤ ውሃ ሲጠጡ ያብጣሉ፣ ሲደርቁ ይኮማተራሉ። በክረምት እግር ይዞ የማይለቅ ጭቃ የነበረው መሬት በሚያዝያና በግንቦት የሰው እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ቤትን የሚጎዳው አፈሩ ማበጡ ብቻ ሳይሆን እኩል አለማበጡ ነው። በግድግዳው ዳር ያለው አፈር ዝናቡን ሲጠጣ ከወለሉ ሥር ያለው ደረቅ እንደ ሆነ ይቆያል፤ ስለዚህ ዳሩ ሲነሣ መካከሉ ይቀራል። በጋ ሲገባ ደግሞ ዳሩ ቀድሞ ይወርዳል። ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ፣ በክረምት አልዘጋ ብሎ በበጋ የሚላላ በር የዚህ እንቅስቃሴ ምልክቶች ናቸው።

የእንጨትና የሣር ጎጆ፣ ሱዳኖች ጉጢያ የሚሉት፣ መሬቱ ሲንቀሳቀስ አብሮት ይንቀሳቀሳል፤ ቢዘምም ይቃናል። ጣጣው የሚመጣው ባለቤቱ ሰሊጡን ሸጦ ጎጆውን በጡብና በሲሚንቶ ቤት የለወጠ ጊዜ ነው። ጡብ መታጠፍ አያውቅምና።

እንዲህ ያለው አባወራ ግድግዳው ሲሰነጠቅ በመጀመሪያ ልስን ያስለስናል። ልስኑ እስከ ቀጣዩ ክረምት ይቆያል። በሁለተኛው ዓመት እንደገና ይከፍላል። በሦስተኛው ዓመት ተስፋ ቆርጦ፣ «መሠረቱ በሙሉ ይለወጥ» ለሚለው ሰው የዓመት ገቢውን አስረክቦ ይቀመጣል። ሦስት ጊዜ ሲከፍል ውሃው ከየት እንደሚመጣ አንድም ቀን አልጠየቀም።

ውሃው የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከቅርብ ነው። አሸንዳ የሌለው ቆርቆሮ ዝናቡን ሁሉ በግድግዳው ግርጌ ያወርዳል። የእቃ ማጠቢያው እጣቢ በአንድ ጥግ ይደፋል። በቤቱ ጥግ የተተከለው ኒም ጥላው መልካም ቢሆንም በበጋ ሥሩ ከመሠረቱ በታች ያለውን እርጥበት ይስባል፤ ቢሆንም ትልቅ ዛፍን በድንገት መቁረጥ የደረቀውን አፈር መልሶ ያሳብጣልና ሳያስቡ መጥረቢያ ማንሣት አይገባም። አሸንዳ ማሠራት፣ እጣቢውን በቦይ ከቤቱ ማራቅ፣ በግድግዳው ዙሪያ ወደ ውጭ ያዘነበለ ንጣፍ ማስነጠፍ መሠረት ከማስቆፈር ጋር ሲተያይ ወጪው ጥቂት ነው። ከዚህ በኋላ በስንጥቁ ጫፎች ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጎ ቀኑን መጻፍ፣ በላዩም ትንሽ ጀሶ መለጠፍ ይጠቅማል። አንድ ክረምትና አንድ በጋ አልፎ ጀሶው ካልተሰነጠቀ የሚታደሰው ልስኑ እንጂ መሠረቱ አይደለም።

ጀሶው ቢሰነጠቅ ግን ቁፋሮው አይቀርም። በአዲስ አበባ በቦሌ በኩል እንደሚደረገው ጥቁሩን አፈር አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት፣ ወይም መሠረቱን ወደ ጠንካራው መሬት ማውረድ ያስፈልጋል። መሠረት ተቀብሮ የሚቀር ሥራ በመሆኑ ክፍያውም ይህን መከተል አለበት። ቀብዱ ከመጀመሪያው ድንጋይና ሲሚንቶ ዋጋ አይለፍ። ሁለተኛው ክፍያ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ወለሉ ከታየ በኋላ፣ ሦስተኛው ግንቡ አልቆ አፈር ሳይመለስበት ይሰጥ። የቀረው አንድ ክረምት እስኪያልፍ ይቆይ። ይህ የሚነገረው ሥራውን በኮንትራት ለያዘው ሰው ነው፤ የቀን ሠራተኛን ደመወዝ እስከ ክረምት ማቆየት ግፍ ነው።

ጊዜውንም መምረጥ ያሻል። በመስከረምና በጥቅምት ጉልበት ያለው ሁሉ ወደ ሰሊጥ አጨዳ ይወርዳል፤ የሠራተኛ ዋጋ ይንራል፤ መሬቱም ገና እርጥብ ነው። ከጥር በኋላ አፈሩ ደርቆ ሠራተኛም ከማሳ ተመልሶ ይገኛል።

በመተማ በኩል ላለ ባለቤት ሕጉም ያግዘዋል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሥራ ተቋራጭ ያስረከበውን ሥራ ጽናት ለ10 ዓመት እንዲዋስ ያስገድደዋል፤ በአሠራር ጉድለት ብቻ ሳይሆን ሥራው ባረፈበት መሬት ጠባይ ምክንያት ለሚደርሰው ጉዳትም ተጠያቂ ነው። ሆኖም በዚህ አካባቢ ብዙው ሥራ የሚሠራው በቃል ስምምነት ነው፤ ሠሪውም ወቅት ጠብቆ ድንበር የሚሻገር ሊሆን ይችላል። ግድግዳው በሐምሌ ሲሰነጠቅ ባለቤቱ በእጁ የሚያገኘው ፊርማ ያለበት ውልና ገና ያልከፈለውን ገንዘብ ብቻ ነው።