ከአርብ ገበያ እስከ አቦል

አይዛክ አሲሞቭ እ.ኤ.አ. በ1951 «ፋውንዴሽን» በተሰኘው ልቦለዱ የነደፈው ጋላክሲ መሐሉ ትራንቶር፣ ዳሩ ተርሚነስ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መሐል ይቀመጣል፤ ያልተመቹት ሊቃውንት ወደ ዳር ይጋዛሉ።

እኔ የጋይንቱ፣ የአርብ ገበያ ልጅ፣ ዓይኔ የሚያርፈው ዳሩ ላይ ነው። ዳር የሚሆነው እኮ መሐል ቆሞ ለሚያይ ነው! አርብ አርብ ለሚገበያየው ወገኔ መሐሉ ገበያው ነው፤ አገሩንም የሚጠራው በዚያው ነው።

ሰማዩስ ቢሆን? በእኛ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ኤችዲ 16175 ለምትባለው ኮከብ «ቡና»፣ ለፕላኔቷ «አቦል» የሚሉትን የኢትዮጵያ ስሞች አጸደቀ። ቁጥር ብቻ የነበረች ኮከብ ጎረቤት ሆነች።

ታዲያ ጓደኞቼ፣ በልቦለዳችን ጋላክሲ ስንነድፍ መሐሉን ከሰው አንዋስ። ቶናና በረካ ገና ተራቸውን እየጠበቁ ነው።