ከሥዕሉ ሥር የሚጻፈው

በ1967 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ምሽት ቴሌቪዥን የነበረው ጎረቤታችን ቤቱን ለሰፈሩ ሁሉ ከፍቶት ነበር። እኔ ገና ልጅ ነኝ፤ ከአዋቂዎች እግር ሥር ተወሽቄ ነው ያየሁት። የታየው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሀብ ሠርቶ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ በአገሩ ያሳየው ፊልም ነው። ደርግ ግን እንዳለ አላቀረበውም። በሚሞቱት ሕፃናት መካከል የቤተ መንግሥት ድግስና ጃንሆይ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚያሳይ ሥዕል አስገባበት። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ።

መቼም ረሀቡም እውነት፣ ድግሱም እውነት ነበር። ሁለቱን የገጣጠመው እጅ ግን ሥልጣን ፈላጊ ነበር። ያው እጅ በመስከረም 1977 ዓ.ም. አሥረኛ የአብዮት በዓሉን በሰልፍና በመብራት ሲያከብር፣ ወሎና ትግራይ ዳግም በረሀብ ያልቁ ነበር። ያን ጊዜ ፊልም የሚያሳየን አልተገኘም።

ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነው። ከቢቢሲው ማይክል ቡርክ ጋር ቆረም ላይ ያነሳው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ተላለፈ፤ ከዚያም በመላው ዓለም ከ400 በላይ ጣቢያዎች አሳዩት። እህሉ፣ ሙዚቃው፣ ገንዘቡ ሁሉ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ስንት ነፍስ እንደተረፈ ፈጣሪ ይወቀው።

አክስቴ ያን ዘመን ያሳለፈችው ሰሜን ወሎ ገጠር ነው። ከዓመታት በኋላ ፊልሙ ሲደገም እኔ ቤት ተቀምጣ አየችው። ዝም ብላ ቆየችና፣ «አንተ፣ አውሮፕላኑን ለምን አላነሱትም?» አለችኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። በእሷ አገር ሰው ድብደባ ፈርቶ በሌሊት ነበር የሚገበያየው። ዝናቡ መቅረቱ አይካድም። ግን እህል ካለበት ወደሌለበት እንዳይሄድ መንገዱን የዘጋው፣ በሬውንና አዝመራውን የጨረሰው ውጊያው ነው፤ አፍሪካ ዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ሰፊ ጥናትም ይህንኑ ይላል። ከቆረሙ ፊልም ጋር በዓለም የቀረው ግን «መጽሐፍ ቅዱሳዊ» የሚለው የቡርክ ቃል ነው። ቃሉ ያምራል። የመጽሐፍ ቅዱስ ረሀብ ግን ከሰማይ የሚመጣ ነው፤ ሚግ የለበትም።

አሚንን ለመውቀስ አይደለም። በመንግሥት ፈቃድ የገባ ካሜራ የሚያነሳው የተፈቀደለትን ነው። ሰውየው ድፍረት አላነሰውም፤ ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ እየቀረጸ አንድ እጁን አጣ፤ በሰው ሠራሽ እጅ ወደ ሥራው ተመለሰ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው አውሮፕላናችን ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ ሞተ።

በዚህ ነገር የማደንቀው ግን ዌልሳዊውን ፊሊፕ ጆንስ ግሪፊዝስን ነው። ፋርማሲስት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ቬትናም ገባ፤ በ1971 «ቬትናም ኢንክ» የተባለ መጽሐፉን አወጣ። ጽሑፉን ለማንም አልተወም፣ ራሱ ጻፈው። አንዲት ፊቷ በፋሻ የተጠቀለለ ሴት አለች፤ እጇ ላይ ወረቀት ታስሯል። ወረቀቱ «ሲቪል» እንደሚላት የነገረን እሱ ነው። እንዲህ መባሏም ብርቅ ነበር፤ የቆሰለ ገበሬ የሚለጠፍበት «ተጠርጣሪ ቬትኮንግ» የሚል ነው፣ ሲሞት ደግሞ «የተረጋገጠ ቬትኮንግ» ይሆናል። ይህ ጽሑፍ ባይኖር ፎቶው የአንዲት ቁስለኛ ፎቶ ሆኖ በቀረ። የደቡብ ቬትናም መንግሥት ሰውየው ተመልሶ እንዳይገባ ከለከለ።

የቆረሙ ሥዕል ያለ ቀን፣ ያለ ቦታ፣ «ኢትዮጵያ» ተብሎ ብቻ ሲወጣ ስንቴ አይቻለሁ። ለእኔ ቢሰጠኝ ከሥሩ የምጽፈው ይህን ነው፦ ቆረም፣ ጥቅምት 1977 ዓ.ም.። ዝናብ ቀርቷል። በሰሜን ጦርነት አለ። እነዚህ ሰዎች የመጡበት አገር ገበያ የሚቆመው በሌሊት ነው።