የሞተሩን ንዝረት የሚሸከመው ማን ነው?

በዚህ መጽሔት ስለ መንፈሳዊ ጉዞ ብዙ ተጽፏል። እኔ ደግሞ ስለምታጓጉዘን መኪና ጥቂት እንድናገር ይፈቀድልኝ።

ነዋሪነቴ በካይሮ፣ በማዓዲ ሰፈር ነው። በበዓላት ሰሞን አረጋውያንን አሳፍሬ፣ ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የበረሃ መንገድ ተጉዤ፣ ወደ ዋዲ ናጥሩን ገዳማት አደርሳለሁ። መኪናዬ እ.ኤ.አ. በ1980 የተሠራች መርሴዲስ 240 ዲ ስትሆን የምትሄደው በናፍጣ፣ ግብፃውያን «ሶላር» በሚሉት ነው።

ከጊዜ በኋላ መኪናይቱ በቆመችበት ሞተሩ ሲሠራ መሪው፣ ወንበሩና መስተዋቱ ይንቀጠቀጡ ጀመር። የወገብ ሕመም የጸናባቸው አንዲት እማሆይ፣ «ልጄ፣ ከእንግዲህ በዓሉን በቤቴ ሆኜ ባከብር ይሻለኛል» አሉኝ። ወደ አንድ ጋራዥ ብወስዳት ሞተሩ ወርዶ መታደስ አለበት ተባልሁ። የተጠየቅሁት ዋጋ የብዙ ወራት የቤት ኪራዬን የሚያህል ስለ ነበር መኪናይቱን ከመሸጥ በቀር መንገድ አልታየኝም። እርሷ ከተሸጠች ደግሞ እነዚያ እናቶች በምን ይሄዳሉ?

ጎረቤቴ ሥራውን በዕድሜ ምክንያት የተዉ ግብፃዊ መካኒክ ናቸው። ኮፈኑን አስከፍተው ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጡ። «አንዱ ሲሊንደር ቢታመም ኖሮ ምቱ ይሰባበር፣ ጭሱም ይለወጥ ነበር። የዚህ ሞተር ምት እኩል ነው፤ ያለቀው የተቀመጠበት ነው» አሉኝ። በዐረብኛ «ቃዒዳ» ይሉታል፤ መሠረት ማለት ነው። የእኛ መካኒኮች ከጣሊያንኛ በወረሱት ቃል ጎሚኒ የሚሉት ነው።

የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚለኩስበት የኤሌክትሪክ ብልጭታ የለውም። አየሩን ወደ 21 እጥፍ ገደማ አጥብቆ ይጨምቀዋል፤ ነዳጁም በዚያ ግለት ይቀጣጠላል። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር ቆሞ በደቂቃ 750 ጊዜ ሲዞር በየሴኮንዱ 25 ጊዜ ይመታል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ምት የሚቀበለው በሁለት ብረቶች መካከል የተጣበቀ ወፍራም ጎማ ነው። ዘመን ያደርቀዋል፣ ሙቀት ይሰነጥቀዋል፣ የሚንጠባጠብ ዘይት ያሟሟዋል። እርሱ ሲጨፈለቅ ንዝረቱ ሳይበርድ ወደ መኪናው አካል ያልፋል፤ የጭስ ማውጫው ይሰነጠቃል፣ ብሎኖች ይላላሉ።

አዲሶቹን የገዛሁት በተውፊቂያ ገበያ ነው። ያገለገለ ዕቃ በወካለት አል በለሕ በርካሽ ይገኝ ነበር፤ ነገር ግን ያገለገለ ጎማ እርጅናውን ይዞ ስለሚመጣ አይመከርም። ሁለቱን የሞተሩንና አንዱን የካምቢዮውን በአንድነት ለወጥን። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው ነውና፤ አሮጌዎቹ ከቀሩ ሸክሙ ሁሉ በአዲሱ ላይ ይወድቃል።

ሥራውን የጀመርነው በቤታችን ደጅ፣ በደልዳላ ስፍራ፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነበር። የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ ፈታን፤ ለጎማዎቹ ድንጋይ አደረግን፤ መኪናይቱንም በብረት መደገፊያ ላይ አሳረፍናት። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት ነፍስን መስጠት ነው። በዘይቱ ኮፓና በክሪኩ መካከል ሰፊ ጣውላ አኑረን ክብደቱ ከጎሚኒው እስኪነሣ ድረስ ብቻ ሞተሩን ቀስ ብለን አነሣን፤ ማራገቢያው ራዲያተሩን እንዳይነካና ቱቦዎች እንዳይወጠሩ እያየን። ሁለቱን ጎን በአንድ ጊዜ አልፈታንም፤ አንዱን ጨርሰን ወደ ሌላው አለፍን። ብሎኖቹን መጀመሪያ በእጅ አስያዝናቸው፤ ሞተሩ በገዛ ክብደቱ ከተቀመጠ በኋላ አጠበቅናቸው። የወጡት አሮጌ ጎሚኒዎች ተጨፍልቀው በዘይት ጠቁረው ነበርና ዘይቱ የሚንጠባጠብበትን ስፍራ ሳንደፍን ሥራውን አልጨረስንም።

ሞተሩ ከዚያ ወዲህም እንደ ቀድሞው በየሴኮንዱ 25 ጊዜ ይመታል፤ ምቱ ግን ተሳፋሪው ዘንድ አይደርስም። እማሆይም ለበዓሉ ከእኛ ጋር ተጓዙ።

ከዚህ ሥራ በልቤ የቀረው አንድ ነገር ነው። ተሸካሚው ሲደክም የሚወቀሰው ሌላው ነው፤ ጤነኛው ሞተር ታሟል ተብሎ ሊፈታ ነበር። በማኅበር ኑሮም በሁለት ብርቱ ሰዎች መካከል ሆኖ የሁለቱንም ቃል በዝምታ የሚያበርድ ሰው አለ። እርሱ ሲዝል ጠቡ ከሌላ የመጣ ይመስለናል። እንግዲህ ከመጪው ጉዞ በፊት አሮጌ የናፍጣ መኪና ያላችሁ ወንድሞች ኮፈኑን ከፍታችሁ ጎሚኒውን ተመልከቱ፤ ሁላችንም ደግሞ በመካከላችን ሆኖ የሚሸከመንን ሰው እንዴት እንደ ሰነበተ እንጠይቀው።