ለመናኙ ሉክ ጥብቅና

የስታር ዋርስ ወዳጆች በተሰበሰቡበት ጨዋታው እንዲጋጋል ከፈለጋችሁ «‹ዘ ላስት ጄዳይ› ግሩም ፊልም ነው» በሉና ዝም በሉ። ሌላው በራሱ ይመጣል። ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ነው፤ የክርክሩን ሙቀት ላየ ግን ትናንት ማታ የወጣ ይመስላል። እኔ ከሚወዱት ወገን ነኝ፤ ያውም አብዝቼ።

ጠቡን የጫረችው አንዲት ውርወራ ናት። በ2015 የወጣው የቀደመው ክፍል ያበቃው፣ ሬይ የተባለችው ወጣት ለሉክ ስካይዎከር የአባቱን የብርሃን ሰይፍ ዘርግታ እንደቆመች ነበር። ተመልካቹ ሁለት ዓመት ሙሉ የዚያን እጅ መጨረሻ ጠበቀ። ደራሲና ዳይሬክተሩ ራያን ጆንሰን ምን አደረገ? ሉክ ሰይፉን ተቀበለ፣ አየት አደረገው፣ በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ወረወረው። የብዙ ሰው ልብ የሻከረው እዚያች ላይ ነው፤ የቀረውን ሁሉ ያየው አኩርፎ ነው።

ቅሬታው ከንቱ ነው አልልም። ሉክ ከ1977 ጀምሮ የስንቱ ልጅ ጀግና ነው። ዳርዝ ቬደርን የመሰለ አባት እንኳ ይመለሳል ብሎ ተስፋ ያልቆረጠ ሰው፣ በተኛ የእህቱ ልጅ ላይ እንዴት ሰይፍ ይመዛል? ተዋናዩ ማርክ ሃሚል ራሱ በዚህ ሉክ እንዳልተስማማ በአደባባይ ተናግሮ ነበር፤ መናገሩ በኋላ ቢቆጨውም። ግን እናስታውስ፦ በ1983ቱ ፊልም ቬደር የእህቱን ነገር ሲያነሳበት ያው ሉክ ቁጣው ገንፍሎ ነበር፤ የተገታው የአባቱን እጅ ከቆረጠ በኋላ ነው። ፈተናን አንዴ ያለፈ ሁለተኛ አይፈተንም ያለው ማን ነው?

ጆንሰን ያችን ሌሊት ሦስት ጊዜ ያሳየናል። መጀመሪያ ሉክ ሸፋፍኖ ያወራታል፤ ቀጥሎ ኋላ ካይሎ ሬን የተባለው የእህቱ ልጅ እንዳያት እናያታለን፤ በመጨረሻ ሉክ ይናዘዛል። ሰይፉ የተመዘዘው ለቅጽበት ነው፤ ሉክ ወዲያው አፍሯል፤ ልጁ ግን ነቅቷል። ሰው የራሱን ጥፋት መጀመሪያ ሲያወራ እንዴት እንደሚያሳጥራት የሚያውቅ ሁሉ ይህን ክፍል ያምነዋል።

ከዚያ በኋላ ሉክ ወደ አንዲት ደሴት መነነ። የደሴቲቱ ትዕይንቶች በከፊል የተቀረጹት ከአየርላንድ ጠረፍ ወዲያ ባለችው በስኬሊግ ማይክል ነው፤ የጥንት መነኮሳት ከዓለም ሸሽተው የድንጋይ ጎጆ ቀልሰው የኖሩባት የባሕር ዐለት ናት። ያ የምንኩስና ሥርዓት ከግብጽ በረሃ የፈለቀ ነው፤ ወደ እኛም የመጣው ከዚያው ምንጭ ነው። ስለዚህ የእኛ ተመልካች መናኝን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። የሉክ ጉዱ ሌላ ነው፦ ራሱን የጄዳዮች ብርታት ምንጭ ከሆነው ከ«ኃይሉ» ቆርጧል፤ ጸሎቱን ያቆመ መናኝ ሆኗል።

እንከን የለውም ወይ? አለው እንጂ። ካንቶ ባይት ወደተባለችው የቁማር ከተማ የሚደረገው ጉዞ ተንዛዝቷል። አድሚራል ሆልዶ ዕቅዷን ከሰዎቿ የደበቀችበት ምክንያትም አያጠግብም። ይህን ብሎ ፊልሙን መጥላት መብት ነው፤ ሮዝን የተጫወተችውን ኬሊ ማሪ ትራንን በዘሯና በሴትነቷ መሳደብ ግን ሂስ አይባልም።

ሌላው ጠብ የሬይ ወላጆች ናቸው። የማን ልጅ ናት? እኛ አገርማ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣ ጥያቄ ነው። የጆንሰን መልስ፦ የማንም። ለመጠጥ ብለው የሸጧት ተራ ሰዎች ልጅ ናት። ሥልጣንና ተሰጥኦ በአጥንት በሚወረስበት ተከታታይ ፊልም ይህ ድፍረት ነበር። የ2019ኙ ተከታይ ግን አልቻለም፤ እንደ ርስት ተሟጋች ዘር ቆጥሮ፣ የንጉሠ ነገሥቱ የፓልፓቲን የልጅ ልጅ አደረጋት። እኔ ያዘንኩት ያኔ ነው።

ሉክ ጀግንነቱን ተነጠቀ ለሚሉኝ የምጠቅሰው ግን ክራይት የተባለችውን የጨው ፕላኔት ነው። ሉክ ለአንድ ሠራዊት ብቻውን ይወጣል። ጢሙ ጠቁሯል፤ ቀደም ሲል ለሁለት የተሰበረው ሰይፍ በእጁ ሙሉ ነው። አንድ ሰው አይገድልም። እንዲያውም እዚያ የለም፤ አካሉ ደሴቱ ላይ ነው፣ የላከው ምስሉን ነው። ተረት ነው ብሎ የናቀውን ዝናውን ራሱ አንስቶ፣ ጥቂት ወገኖቹ እስኪያመልጡ ጠላትን በእሱ አዘገየበት፤ ከዚያ ሞተ። አርባ ዓመት በጠበቁት ጀግና ላይ ከዚህ የላቀ ምን ይጨመራል?

ተቀይማችሁ የተዋችሁት ካላችሁ ያንን ክፍል ብቻ ድገሙት። ካይሎ ሬን በረገጠው ቁጥር ነጩ ጨው ቀይ ይሆናል። የሉክን እግር ደግሞ ልብ ብላችሁ እዩ።