የድሬ ውሃና የጥምቀት ልብስ

ጥር 2
ማንቆርቆሪያው አንድ ሻይ ለማፍላት ዕድሜ መፍጀት ስለጀመረ ዛሬ የሰፈራችን ጠጋኝ ፈታው። ኮይሉ ወፍራም ነጭ ቅርፊት ለብሷል። በካቻቢቴ ጫፍ ሲነካካው እየተፈረፈረ ወደቀ። «አንቺ፣ ይሄ እኮ ውሃችን ነው፤ የማን ቤት የሌለ መሰለሽ?» አለኝ። (ድሬዳዋ ላይ አንቱታ ብርቅ ነው።)

እውነቱን ነው። በዙሪያችን ያለው ተራራ ብዙው የኖራ ድንጋይ ነው። ዝናቡ ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ሲሰርግ ድንጋዩን ያሟሟዋል፤ ካልሲየሙም ባይካርቦኔት ሆኖ፣ ለዓይን ሳይታይ፣ በቧንቧ ቤታችን ይገባል። ውሃው ሲፈላ ጋዙ ይወጣና ባይካርቦኔቱ ወደ ካርቦኔት ይለወጣል። ከካርቦኔት ደግሞ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ የሚሟሟው 15 ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም። የቀረው የጋለው ብረት ላይ ይጋገራል።

ጥር 4
ማንቆርቆሪያው ውስጥ አቼቶ በውሃ በርዤ ጨመርኩ። ወዲያው አረፋ ደፈቀ፣ ተንጫጫ፣ ቅርፊቱም ለቀቀ፤ አሲድ ያንኑ ድንጋይ መልሶ ያሟሟዋል። ሎሚም ይሠራል፣ ግን በዚህ ዋጋው ሎሚ ለማንቆርቆሪያ አይደፋም። ጎረቤቴ ውሃው ይጎዳናል ብላ ትሰጋለች። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ለዚህ ዓይነቱ ውሃ ከጤና አንጻር ያስቀመጠው ገደብ የለም። ጉዳቱ ለዕቃና ለሳሙና ነው።

ጥር 8
የጥምቀት ነጠላዎች አጠባ። ደረቅ ሳሙናው አረፋ እምቢ አለ፤ ውሃው ላይ እንደ ቆረጠ ወተት ግራጫ ጓል ተንሳፈፈ። ሳሙና የስብ አሲድና የሶዲየም ውህድ ስለሆነ በውሃ ይሟሟል። ካልሲየም የሶዲየምን ቦታ ሲወስድበት ግን የማይሟሟ ዝቃጭ ይሆንና ጥለቱ ውስጥ ይሸጎጣል። ነጩን የሚያጠቁረው እሱ ነው። ሳሙና መጨመር መጀመሪያ ጓሉን ያበዛዋል። ዱቄት ሳሙና የሚሻለውም እንዲህ ያለ ጓል ስለማይፈጥር ነው።

መላው ድንጋዩን ከሳሙናው በፊት ማርጋት ነው። በሌላ ባልዲ የልብስ ሶዳ በጥብጬ ጨመርኩ፤ ውሃው ደፈረሰ፣ ካልሲየሙም ካርቦኔት ሆኖ ወደ ታች ዘቀጠ። ማፍላትም ከፊሉን ያወርደዋል፤ ከሰልፌት ጋር ያለውን ካልሲየም ግን አይነካውም፣ ሶዳው ሁለቱንም ያረጋል። እስኪጠልል ጠብቄ ላዩን ወደ ሳፋ ቀዳሁ። በዚያ ውሃ ያው ሳሙና ክንዴ ድረስ አረፋ ሆነ። ድንጋዩ መርጋቱ ላይቀር፣ ነጠላ ላይ ከሚሆን ባልዲ ላይ ቢሆን ይሻላል።

ጥር 9
ጎረቤቴ ሶዳውን የት አገኘሽው ብላ መጣች። ሶዳ አሽ ነው፤ አገራችን ውስጥ ከአብያታ ሐይቅ ውሃ በፀሐይ እየተነነ ሲመረት የኖረ ነው። ለነጭ ጥጥ እንጂ ለሱፍና ለሐር አይሆንም። ስትገዙ ግን ስሙን አጣሩ፦ ኮስቲክ ሶዳ ሌላ ነገር ነው፣ ቆዳ ያቃጥላል።